ዘጠኝ ጠብታ በ84 ዓመት፦ የብሪዝበኑ ዝፍት ስለ ፍሰት የሚነግረን

በአውስትራሊያ፣ ብሪዝበን ከተማ፣ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ የመስታወት ማንቆርቆሪያ በማቆሚያ ላይ ተቀምጦ፣ በመስታወት ክዳን ተሸፍኖ ይታያል። ዘይት ወደ ጠርሙስ ለመገልበጥ የምንጠቀምበት ዓይነት ነው፤ አፉ ሰፊ፣ ግርጌው ቀጭን ቱቦ። በውስጡ ያለው ጥቁር ነገር ዝፍት ይባላል። የሙሴ እናት ሕፃኑን ያኖረችበት ሣጥን ውኃ እንዳያስገባ የለቀለቀችው፣ የጥንት መርከበኞችም የመርከባቸውን ስንጥቅ የደፈኑት በዚሁ ነገር ነበር። በእጅ ሲነኩት ደረቅ ነው። በመዶሻ ሲመቱት እንደ መስታወት ይሰባበራል። ሆኖም ከቱቦው ግርጌ አንድ ጠብታ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ማንም ሳይነካው፣ በራሱ ክብደት ብቻ ወርዶ የተንጠለጠለ ጠብታ።

ስለዚህ ሙከራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የትዕግሥት ታሪክ ነው፦ ሰዎች አሥርተ ዓመታት ጠብቀው ጠብታው ሲወድቅ ሳያዩ የቀሩበት ታሪክ። ታሪኩ እውነት ነው፣ እኔም እተርከዋለሁ። ነገር ግን ከዚህ ሙከራ የምናገኘው ትልቁ ትምህርት ያለው በትዕግሥቱ ላይ አይመስለኝም። ያለው በጠብታዎቹ መካከል ባለፉት ዓመታት ቁጥር ውስጥ ነው። የቁጥሮቹን መዝገብ ያቀየረውም ከምርምሩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ነገር ነው፦ ሕንፃው ውስጥ የገባ የአየር ማቀዝቀዣ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመሩ

ቶማስ ፓርኔል የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበር። በ1927 ዝፍት አሙቆ፣ ግርጌው በተደፈነ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨመረና እንዲረጋጋ 3 ዓመት ተወው። በ1930 የቱቦውን ጫፍ ቆረጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የመሬት ስበት ነው። ፓርኔል ለተማሪዎቹ ሊያሳይ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠጣር የሚመስል ነገር ሁሉ ጠጣር እንዳልሆነ።

ሐሳቡ ከእርሱም በፊት የነበረ ነው። ፊዚሲስቱ ሎርድ ኬልቪን በግላስጎው በዝፍት ላይ ጥይቶች አስቀምጦ ከሥሩም ቡሽ አድርጎ ነበር፤ ጊዜ ሲያልፍ ጥይቶቹ ወደ ታች ሰመጡ፣ ቡሾቹም ወደ ላይ ወጡ፣ በውኃ ውስጥ እንደሚሆነው ሁሉ። የፓርኔል ሙከራ የሚለየው ግን ሊቆጠር የሚችል ነገር በመስጠቱ ነው። ጠብታ ይቆጠራል።

የመጀመሪያው ጠብታ በዲሴምበር 1938 ወደቀ፣ ሁለተኛው በፌብሩዋሪ 1947። ፓርኔል በ1948 አረፈ። ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ማንም ሳያስታውሰው መንጠባጠቡን ቀጠለ። በ1961 ጆን ሜይንስቶን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር ወደ ዩኒቨርሲቲው መጣና አገኘው፤ ከዚያም ከ50 ዓመት በላይ ጠባቂው ሆነ። በ1979 ጠብታው በዕረፍት ቀን ወደቀ። በ1988 ሙከራው በብሪዝበኑ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለእይታ ቀርቦ ሳለ ሜይንስቶን ለ5 ደቂቃ ያህል የሚጠጣ ነገር ሊያመጣ ሄደ፤ ሲመለስ ጠብታው ወድቋል። በ2000 ካሜራ ተተክሎ ነበር፣ ሆኖም በዚያች ሰዓት ካሜራው አልሠራም። በ2005 ሜይንስቶንና ሟቹ ፓርኔል አስቂኝ ሆነው አሳቢ ለሚያደርጉ ምርምሮች የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት በፊዚክስ አገኙ። ሜይንስቶን በኦገስት 2013 አረፈ። ዘጠነኛው ጠብታ ከቱቦው የተላቀቀው በኤፕሪል 2014 ነበር፤ ከሥሩ ያለው ብርጭቆ ሲቀየር ጠብታው ተበጥሶ ቀረ። 52 ዓመት የጠበቀው ሰው አንድም ጊዜ ሲወድቅ አላየም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

አምስት ደቂቃ ለምን በቃች?

ሰዎች የ1988ቱን ታሪክ ሲሰሙ ዕድል ነው ይላሉ። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሚፈጅ ነገር በአምስት ደቂቃ ውስጥ አለቀ፣ እንዴት ያለ ክፉ ዕድል! እኔ ግን ነገሩ ራሱ እንደዚያ እንዲሆን የተሠራ ነው እላለሁ። ለማየት ትንሽ ስሌት ይበቃል።

ፈሳሽ ለመፍሰስ የሚያሳየው እንቢታ ዝልግልግነት ይባላል፤ የፊዚክስ ሰዎች ቪስኮሲቲ ይሉታል። የሚለካው በፓስካል ሰከንድ ነው። የውኃ ዝልግልግነት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአንድ ፓስካል ሰከንድ አንድ ሺህኛ ያህል ነው። የብሪዝበኑ ዝፍት፣ በ1984 በታተመ ስሌት መሠረት፣ 230 ሚሊዮን ፓስካል ሰከንድ ያህል ነው፤ ከውኃ 230 ቢሊዮን እጥፍ ማለት ነው። ፍሬዴሪክ ትራውተን የተባለ ፊዚሲስት ደግሞ በ1906፣ ራሱም በዝፍት እየሞከረ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲጎተትና ሲቀጥን የሚያሳየው እንቢታ ሲንሸራተት ከሚያሳየው በሦስት እጥፍ እንደሚበልጥ አሳየ።

አሁን ከቱቦው ወርዶ የተንጠለጠለው ጠብታ 10 ግራም ይመዝናል እንበል። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ወስጄዋለሁ። የሚይዘው የዝፍቱ አንገት ነው። ጠብታው አንገቱን ይጎትታል፣ አንገቱ ይቀጥናል። ሲቀጥን ያው ክብደት በጠባብ ስፋት ላይ ያርፋልና ጉተታው ይበረታል፤ ስለዚህ ቅጥነቱ ይፈጥናል። ሒሳቡ ሲሠራ የሚወጣው ውጤት ያስደንቃል፦ የአንገቱ ስፋት በየሰዓቱ የሚቀንሰው በእኩል መጠን ነው፣ ወፍራምም ሆነ ቀጭን። በወሰድኳቸው ቁጥሮች በሰዓት ግማሽ ስኩዌር ሚሊሜትር ያህል ይመጣል። ወርዱ 8 ሚሊሜትር የሆነ አንገት ስፋቱ 50 ስኩዌር ሚሊሜትር ገደማ ነውና ለመቅጠን 4 ቀን ይፈጅበታል። የመጨረሻዋ አንድ ስኩዌር ሚሊሜትር ሁለት ሰዓት ትወስዳለች። ከመጨረሻው 5 ደቂቃ በፊት የቀረው ክር ወርዱ ሩብ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም።

ስሌቱ ሻካራ ነው። ዝፍቱ ከላይም እየፈሰሰ አንገቱን ይመግባል፣ አንገቱም ቀጥ ያለ ዘንግ አይደለም። ጠባዩን ግን በትክክል ያሳያል፦ ዓመታቱ የሚያልፉት በቱቦው ውስጥ በመውረድ ነው፣ መቅጠኑ የቀናት ነገር ነው፣ መበጠሱ የቅጽበት። ያ ሰው ለመጠጥ ሲነሣ ክሩ እንደ ወፍራም ፀጉር ሆኖ ነበር ማለት ነው። በዓይን ለሚያይ ሰው ትናንት የነበረውና ዛሬ ያለው ክር እጅግም አይለያይም።

በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ በ1944 የተጀመረ ተመሳሳይ ሙከራ አለ። ጁላይ 11 ቀን 2013 ጠብታው ሲወድቅ በካሜራ ተቀረጸ። ሜይንስቶን ከማረፉ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር። የዝፍቱ ዝልግልግነትም 20 ሚሊዮን ፓስካል ሰከንድ ያህል ሆኖ ተገመተ፣ ከብሪዝበኑ በአሥር እጅ ያነሰ። ወደዚህ ልዩነት እመለሳለሁ።

መዶሻው

አንድ ነገር እንዴት በመዶሻ ተሰባባሪ፣ በስበት ደግሞ ፈሳሽ ይሆናል? ፊዚሲስቱ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ1867 የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ የሚሠራ ነው። ማንኛውም ዝልግልግ ፈሳሽ የራሱ የሆነ የመርሻ ጊዜ አለው፤ የተጫነበትን ጫና ተቀብሎ ሞለኪውሎቹን አስተካክሎ ጫናውን የሚረሳበት ጊዜ። ይህ ጊዜ የሚገኘው ዝልግልግነቱን በጥንካሬው፣ ማለትም ቅርጹ እንዳይለወጥ በሚያሳየው እንቢታ፣ በማካፈል ነው። የዝፍቱን ጥንካሬ 1 ቢሊዮን ፓስካል ብንለው፣ የመርሻ ጊዜው ከሰከንድ ሩብ አይበልጥም። የመዶሻ ምት የሚያልቀው በሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ነው። ዝፍቱ ለመፍሰስ ጊዜ አላገኘምና ይሰበራል። ስበት ግን ዓመታት ይሰጠዋል።

እንግዲህ «ፈሳሽ ነው ወይስ ጠጣር?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን በቂ አይደለም። በስንት ጊዜ ውስጥ ተብሎ መጠየቅ አለበት። መስታወት ማለትም ይኸው ነው። አንድ ፈሳሽ ሳይረጋ፣ ማለትም ሞለኪውሎቹ እንደ በረዶ በሥርዓት ሳይደረደሩ፣ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ዝልግልግነቱ ይጨምራል፣ የመርሻ ጊዜውም ይረዝማል። ዝልግልግነቱ 1 ትሪሊዮን ፓስካል ሰከንድ ያህል ሲደርስ የመርሻ ጊዜው በአሥርና በመቶ ሰከንድ የሚቆጠር ይሆናል፤ በተለመደው የማቀዝቀዝ ፍጥነት ሞለኪውሎቹ ከቅዝቃዜው ጋር እኩል መራመድ ያቅታቸዋል። ያሉበት ዝብርቅርቅ አቀማመጥ እንዳለ ይቀራል። ይህ ወደ መስታወትነት መሸጋገሪያው ነው። ለተራ የመስኮት መስታወት በ550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሆናል። የብሪዝበኑ ዝፍት ከዚህ ድንበር የሚርቀው በአራት ደረጃ ያህል ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ አሥር እጥፍ ሆኖ። ብዙ ይመስላል፣ ነገር ግን አይደለም። ለምን እንዳልሆነ የነገረን ማቀዝቀዣው ነው።

ከ9.2 ወደ 12.3

ቱቦው ከተቆረጠበት እስከ መጀመሪያው ጠብታ 8.1 ዓመት አለፈ። ከዚያ በኋላ ያሉት ልዩነቶች በቅደም ተከተል 8.2፣ 7.2፣ 8.1፣ 8.3፣ 8.7 እና 9.2 ዓመት ናቸው። ይህ እስከ 1988 ነው። ስምንተኛው ጠብታ 12.3 ዓመት ፈጀ። ዘጠነኛው 13.4።

ቁጥሮቹን ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። ከ8 ወደ 9 ቀስ ብሎ መንሸራተቱን መረዳት አይከብድም፤ በማንቆርቆሪያው ያለው ዝፍት ሲቀንስ ወደ ታች የሚገፋው ክብደትም ይቀንሳል። ይህ ግን ቀስ በቀስ የሚሆን ነገር ነው፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ዓመት አይዘልም። የቱቦው ውፍረትም አልተለወጠም። የፍሰቱ መጠን ከቱቦው ወርድ ጋር በአራተኛ ኃይል (ወርዱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ) ስለሚያያዝ የወርዱ ለውጥ ቢኖር ኖሮ ትልቅ ልዩነት ያመጣ ነበር፤ ቱቦው ግን ያው ቱቦ ነው። የቀረው ራሱ ዝልግልግነቱ ነው።

ሙከራው ሲጀመር ጀምሮ ሙቀቱ ቁጥጥር አልተደረገበትም። ዝፍቱ የብሪዝበንን በጋና ክረምት እየተከተለ ይሞቅና ይቀዘቅዝ ነበር። ከሰባተኛው ጠብታ በኋላ ግን ሕንፃው ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣ ገባ። ለሰዎች ምቾት የገባ ነው፣ ለዝፍቱ አይደለም። አማካይ ሙቀቱ ዝቅ አለ፣ የጠብታው ዕድሜም ከቀድሞው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሆነ።

አንድ ሰው ጃኬት ደርቦ ወይም አውልቆ የሚያልፈው የሙቀት ልዩነት ለዚህ ፈሳሽ አራት ዓመት ማለት ነው። ውኃን ብንወስድ ከ20 ዲግሪ ወደ 0 ሲወርድ ዝልግልግነቱ በእጥፍ እንኳ አይሞላም፣ ከ1.00 ወደ 1.79 ነው የሚሄደው። ወደ መስታወትነት የቀረበ ፈሳሽ ግን ሌላ ዓለም ነው። ኦርቶ ተርፌኒል የተባለው ተመራማሪዎች አዘውትረው የሚያጠኑት ፈሳሽ የሚሸጋገረው ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ እዚያ ድንበር ላይ በየ3 ዲግሪው ቅዝቃዜ ዝልግልግነቱ አሥር እጥፍ ያድጋል። የመስታወት ዋና ግብዓት የሆነው ንጹሕ ሲሊካ ደግሞ ጨዋ ነው፤ አሥር እጥፍ ለማደግ ከ70 ዲግሪ በላይ መቀዝቀዝ ይፈልጋል። ኦስተን ኤንጀል የተባለው ኬሚስት በዚህ ልዩነት ፈሳሾችን ጠንካራና ተሰባሪ ብሎ መድቧቸዋል። ስያሜው ስለ መሰበር አይደለም፣ በሙቀት ለውጥ ምን ያህል በፍጥነት ጠባያቸው እንደሚቀየር የሚናገር ነው። ዝፍትና ዘመዶቹ ወደ ተሰባሪዎቹ ያደላሉ።

ተራ ፈሳሽ ውስጥ አንድ ሞለኪውል ቦታ ለመለወጥ አንድ የተወሰነ የኃይል ጉብታ መሻገር ይበቃዋል፤ ሲቀዘቅዝ ጉብታውን የሚሻገሩት ይቀንሳሉ፣ ጉብታው ግን ያው ነው። ተሰባሪ ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ጉብታው ራሱ ያድጋል። በጣም በተጨናነቀ ሕዝብ መካከል የቆመ ሰውን ማሰብ ይቻላል። ሰዉ ትንሽ ሳሳ ያለ ከሆነ አንድ እርምጃ ለመራመድ የአንድ ጎረቤት ፈቀቅ ማለት ይበቃል። ሲጠጋጋ ጎረቤቱ ፈቀቅ እንዲል የእርሱም ጎረቤት ፈቀቅ ማለት አለበት፣ የዚያም ጎረቤት እንዲሁ። በመጨረሻ አንድ ሰው እንዲንቀሳቀስ ብዙ ሰው በአንድ ልብ መንቀሳቀስ ይኖርበታል። ጌሮልድ አዳምና ጁሊያን ጊብስ በ1965 ያቀረቡት ሐሳብ በመሠረቱ ይህ ነው፤ አብረው መንቀሳቀስ ያለባቸው ሞለኪውሎች ቡድን ሲቀዘቅዝ ይሰፋል። በ1920ዎቹ ፎገል፣ ፉልቸርና ታማን በየፊናቸው ያወጡት ቀመር ጭማሪውን በጥሩ ሁኔታ ይገልጻል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ግን ሁሉም የተስማማበት ንድፈ ሐሳብ እስካሁን የለም። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ፊሊፕ አንደርሰን በ1995 የመስታወትን ባሕርይ ከጠጣር ነገሮች ንድፈ ሐሳብ ያልተፈቱ ጥያቄዎች ሁሉ ምናልባት ጥልቁ ነው ብሎ ጽፏል።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፣ እኔ እንደማስበው በዚህ ጉዳይ ላይ ሊተኮርበት የሚገባው ነገር። የዝልግልግነቱ ለውጥ እንዲህ ቀጥ ያለ አቀበት ከሆነ፣ ሞቃት ቀናት ከቀዝቃዛ ቀናት ጋር እኩል አይቆጠሩም። በጋው ብዙ ያፈስሳል፣ ክረምቱ ከሞላ ጎደል ምንም። ሁለቱ ሲደመሩ የሚወጣው ፍሰት በአማካይ ሙቀት ከሚታሰበው ይበልጣል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው አማካዩን ዝቅ ከማድረጉም በላይ ሞቃቶቹን ቀናት ቆርጦ ጣለ፤ ዝፍቱ የሚፈስባቸውን ቀናት። ዓመቱን በሙሉ ያለውን ሙቀት አማካይ ብቻ ወስዶ ዝልግልግነቱን የሚያሰላ ሰው ይሳሳታል። የብሪዝበንና የደብሊን ዝፍት አሥር እጥፍ መለያየታቸውም ያን ያህል ሊያስደንቅ አይገባም። ከየት እንደተገኙ፣ እንዴት እንደተጣሩ፣ ክፍሉ ስንት ዲግሪ እንደነበር፣ ማንኛቸውም ብቻቸውን ይህን ያህል ሊያመጡ ይችላሉ። ሙቀቱ ከመጀመሪያው በየዕለቱ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ይህ ሙከራ ማሳያ ብቻ ሳይሆን መለኪያ ይሆን ነበር ብዬ እቆጫለሁ።

መስኮቶቹ

ዝፍቱን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚያነሣው ስለ አውሮፓ ጥንታዊ ካቴድራሎች ነው። መስኮቶቻቸው ከታች ወፍራም ስለሆኑ መስታወት በዘመናት ውስጥ ወርዷል ይባላል። አባባሉ ስሕተት ነው። በዘመኑ መስታወት የሚሠራው እንደ ማሽከርከር ባሉ የእጅ ዘዴዎች ነበርና ሉሁ ከመጀመሪያውም እኩል ውፍረት አልነበረውም።

ስሕተቱ የሚመጣው ዝፍትን አይቶ መስታወትንም እንደዚያ በማሰብ ነው፣ ሙቀትን በመርሳት። በ2017 የታተመ ጥናት ከለንደኑ ዌስትሚንስተር አቢ መስታወት ጋር የተመሳሰለ ቅንብር ሠርቶ ለካ። በክፍል ሙቀት ያለው ዝልግልግነት ከ4 በኋላ 24 ዜሮ የሚከተሉት ፓስካል ሰከንድ ያህል ሆኖ ተገኘ። በአንድ ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ቢበዛ አንድ ናኖሜትር ይፈስሳል ማለት ነው፤ የወረቀት ውፍረት ከመቶ ሺህ ክፍል አንዱ።

የሚገርመው ይህ ቁጥር ቀደም ሲል ከተገመተው በ16 ደረጃ ያነሰ መሆኑ ነው። ቀደም ያሉት ግምቶች ፈሳሹን በሞቀበት ለክተው መስመሩን እስከ ክፍል ሙቀት ያረዘሙ ነበሩ። ነገር ግን መስታወቱ ከመሸጋገሪያው በታች ያንን መስመር አይከተልም። ሞለኪውሎቹ ሊደርሱበት የሚገባውን አቀማመጥ ሳይደርሱበት በሞቃቱ አቀማመጥ ታስረው ቀርተዋል፣ በሞቃቱ አቀማመጥ ውስጥ መንቀሳቀስ ደግሞ ይቀላል። ስለዚህ የመስታወት ዝልግልግነት የሚወሰነው አሁን ባለው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ሲሠራ በምን ፍጥነት እንደቀዘቀዘም ጭምር ነው።

የብሪዝበኑ ዝፍት ገና እዚያ አልደረሰም። በ1988ም በ2000ም የነበረውን ሙቀት ተከትሎ እየተስተካከለ ይፈስሳል፤ ያለፈውን ቅዝቃዜ አያስታውስም። ከኤፕሪል 2014 ወዲህ አሥረኛው ጠብታ በዚያው ቱቦ ሥር መሠራት ጀምሯል፣ በቀዘቀዘው ክፍል፣ በሦስት ካሜራ እየተጠበቀ።